የበቅሎይቱ መልስ
ያገለገለ የመስክ መኪና ለቤተ ሰብ መግዛት በታሪክ ዐይን ሲታይ

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋት «እናቴ ፈረስ ናት» ብላ መለሰች ይባላል። ይህ ተረት ሲነገር የምንስቀው በበቅሎይቱ ነው። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን ተረቱ የሚያስጠነቅቀው በገበያ መካከል ቆሞ ዋጋዋን የሚጠይቀውን ሰው ነው። በቅሎይቱ አልዋሸችም፤ እናቷ በእርግጥ ፈረስ ናት። ነገር ግን የተጠየቀችውን ትታ የሚያስከብራትን ብቻ ተናገረች። ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ይህንኑ ይመስላል።

አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ በቅሎ ሲገዙ የሻጩን ቃል ብቻ አምነው ገንዘባቸውን አይቈጥሩም ነበር። አፏን ከፍተው ከጥርሷ ዕድሜዋን ይገምታሉ፤ ኮርቻዋን አስወርደው ጀርባዋን እየዳሰሱ የቁስል ጠባሳ ይፈልጋሉ፤ እግሯን አንሥተው ኮቴዋን ይመረምራሉ፤ በመጨረሻም ተቀምጠውባት ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይሞክሯታል። የበቅሎይቱን ያለፈ ኑሮ ከአካሏ ላይ ያነቡ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በቅሎ በነበረችበት ስፍራ የገባው ያገለገለ የመስክ መኪና ነው። አንድ መምህር ወይም አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ ብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፥ ልጆቹንና አረጋዊት እናቱን አሳፍሮ ወደ ትውልድ አገሩ የሚወስድ ከፍ ያለ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። ገንዘቡ የልጆች ትምህርት፥ የቤት መሥሪያና የክፉ ቀን መጠባበቂያ ስለ ሆነ፥ ውሳኔው ቢሳሳት የሚጐዳው ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ሰው «ግዛ» ወይም «አትግዛ» ብሎ አይፈርድለትም። የመስክ መኪና ከወዴት እንደ መጣ፥ እንዴት የቤተ ሰብ መኪና እንደ ሆነ፥ ያገለገለ መኪና ገበያም ገዢውን እንዴት እንዳስቸገረ ታሪኩን በአጭሩ ተርኮ፥ ከታሪኩ የሚገኘውን ትምህርት ለማቅረብ ይሞክራል። አንባቢ እንዳይደናገር፥ የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችን ግን «ዓ.ም.» እየተባሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

የመስክ መኪና አወላለድ

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውንና ተራራውን አልፎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር። የአውቶሞቢል መንገድ ባልተሠራበት አገር ያ ጉዞ ምን ያህል ፈተና እንደ ነበረው መገመት አያዳግትም። በዚያ ዘመን የነበረው አውቶሞቢል የተሠራው ለተጠረገ ጎዳና ነው። ጎዳናው ባለቀበት ስፍራ የእርሱም ጉልበት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የበቅሎ ነው።

ይህን ድንበር የሰበረው ጦርነት ነው። በ1940 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት፥ ቀላል የሆነ፥ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፥ ጭቃና አሸዋ የማያግደው አነስተኛ መኪና ፈልጎ 135 ለሚሆኑ ፋብሪካዎች ጥያቄ አቀረበ። የመጀመሪያው ናሙና በ49 ቀን ውስጥ ተሠርቶ እንዲቀርብም ቀን ቈረጠ። ቀኑን ጠብቆ ናሙናውን ያቀረበው ባንታም የተባለው ትንሽ ኩባንያ ነበር። ጦሩ ግን ኩባንያው በብዛት ለመሥራት ዐቅም ያንሰዋል ብሎ ስለ ሠጋ፥ ሥራው ወደ ዊሊስና ወደ ፎርድ ፋብሪካዎች አለፈ። ጂፕ የተባለው መኪና በዚህ ዐይነት ተወለደ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅም ከ600,000 በላይ ተሠራ።

ሰላም በሆነ ጊዜ ከጦሩ የተረፈው ጂፕ ለሕዝብ ተሸጠ። ገበሬው፥ ደን ጠባቂው፥ መንገድ ቀያሹ ወታደር የነዳውን መኪና ገዝቶ ለሥራው አዋለው። ከእነዚህ ገዢዎች አንዱ የእንግሊዙ ሮቨር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ነበር። እርሱም በዌልስ አገር በአንግልሲ ደሴት በነበረው እርሻው ላይ ከጦር የተረፈ ጂፕ ይነዳ ነበር። ያ መኪና ባረጀ ጊዜ በምን እንደሚተካው ሲያስብ፥ ፋብሪካው ራሱ አንድ እንዲህ ያለ መኪና ይሥራ ወደሚል አሳብ ደረሰ። ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ አሠርቶ፥ በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ላንድ ሮቨር ተብሎ ቀረበ። ከዚህ እንደምንረዳው፥ ስሙ በዓለም የተጠራው ላንድ ሮቨር የመነጨው ካገለገለ ጂፕ ነው። አሮጌ መኪና በዐዋቂ እጅ ሲገባ የሚናቅ ነገር አይደለም።

በጃፓንም ቶዮታ የተባለው ፋብሪካ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በ1951 በጂፕ አምሳል የመስክ መኪና ሠራ። ይኸው መኪና በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ በመውጣቱ ዝናው ተሰማ። ጂፕ የሚለው ስም የሌላ ኩባንያ ንብረት ስለ ነበር፥ በ1954 ላንድ ክሩዘር ተባለ።

በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ቢቋቋምም፥ መንገዱ ከከተማ ወደ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ወረዳ ክረምት በገባ ቍጥር ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ወደ ገጠር የሚወጣ ሐኪም፥ የመሬት ለኪ፥ የውሃ ቈፋሪና የትምህርት ተቈጣጣሪ የሚተማመነው በእነዚህ መኪናዎች ነበር። «የመስክ መኪና» የሚለው ስም ራሱ አገልግሎቱን ይናገራል። ገዢው ሊያስብበት የሚገባው የመጀመሪያው ቁም ነገርም ከዚሁ ስም ይገኛል። መኪናው የተፈጠረው ለመስክ ከሆነ፥ የእኔ መስክ የት ነው?

ከመስክ ወደ ቤተ ሰብ

የመስክ መኪና በአንድ ቀን የቤተ ሰብ መኪና አልሆነም። ቼቭሮሌት በ1935 በካሚዮን ሻንሲ ላይ ስምንት ሰው የሚይዝ ዝግ አካል ጭኖ ሰባርባን የተባለውን መኪና አወጣ። ዊሊስ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የብረት አካል ያለው የቤተ ሰብ መኪና ሠርቶ፥ በ1949 ደግሞ በአራቱም ጎማ እንዲነዳ አደረገው። ጂፕ ዋጎኒር የተባለው የ1963 መኪና የከተማን ምቾት ጨመረበት። በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር በባሌስትራ ፈንታ ጥቅልል ሞላ ስለ ነበረው፥ እርሻ ውሎ ማታ ለግብዣ የሚቀርብ መኪና ሆነ።

ከዚህ በኋላ መኪናው በአሜሪካ እንደ ጐርፍ የበዛበት አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። የ1973 የነዳጅ ችግር በደረሰ ጊዜ አሜሪካ በ1975 መኪናዎች ነዳጅ እንዲቈጥቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ነገር ግን ቀላል የጭነት መኪናዎች ከተራ አውቶሞቢል ይልቅ ላላ ባለ ደንብ ተዳኙ፤ የመስክ መኪናም ከጭነት መኪና ወገን ተቈጠረ። ፋብሪካዎቹ በዚህ በር ገቡ። በ1984 ጂፕ ቼሮኪ፥ በ1990 ፎርድ ኤክስፕሎረር ለገበያ ቀረቡ፤ ቀድሞ ዝቅ ባለ አውቶሞቢል ይሄድ የነበረው ቤተ ሰብም ከፍ ወዳለው ተሻገረ። ነዳጅ ለመቈጠብ የወጣ ሕግ ነዳጅ በብዛት የሚጠጣ መኪና እንዲበዛ መንገድ መክፈቱ ታሪክ ከሚያሳየን ያልታሰቡ ውጤቶች አንዱ ነው።

በ1994 ደግሞ ቶዮታ ራቭ ፎር የተባለውን አወጣ። ይህ መኪና ቁመቱና መልኩ የመስክ ቢሆንም አሠራሩ የተራ አውቶሞቢል ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዐይነት መኪናዎች በገበያ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ራሱን በቻለ የብረት ሻንሲ ላይ አካሉ የተጫነ፥ ከባድ፥ ጭነትንና ክፉ መንገድን የሚችል ነው። ሁለተኛው ሻንሲውና አካሉ አንድ የሆነ፥ ቀለል ያለ፥ ነዳጅ የሚቈጥብ፥ ለአስፋልትና ለተደለደለ ጠጠር መንገድ የሚስማማ ነው። ሁለቱም በየወገናቸው መልካም ናቸው። ጥፋት የሚመጣው ሁለተኛውን ገዝተው የአንደኛውን ሥራ ሲያሠሩት ወይም አንደኛውን ገዝተው ከቤት እስከ ቢሮ ብቻ ሲያመላልሱት ነው።

ብዙ ሰው ከፍ ያለ መኪና ለልጆቹ ደኅንነት ይበልጣል ብሎ ያምናል። በ2000 በአሜሪካ የታየው ነገር ይህን እምነት ፈትኖታል። በነሐሴ ወር ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ፥ ጎማዎች በጉዞ ላይ ሽፋናቸው እየተላጠ አደጋ ስላደረሱ፥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲመለስ አዘዘ። ከጎማዎቹ ብዙዎቹ የተገጠሙት በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር። ጎማው ሲከዳ መኪናው እየተገለበጠ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተመዘገበ። ሁለቱ ኩባንያዎች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ሲያላክኩ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ የአገሪቱም ምክር ቤት በዚያው ዓመት ፋብሪካዎች የአደጋን ምልክት ቀድመው እንዲያስታውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ለገዢው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ቁመት ሩቅ ለማየት ይረዳል፤ ነገር ግን ክብደቱን ከመሬት ስለሚያርቅ በድንገተኛ መታጠፊያ ላይ መረጋጋትን ይቀንሳል። አሮጌ ጎማ አድርጎ፥ በፖርቶ መጋላው ላይ ከባድ ዕቃ ቈልሎ፥ ከፍ ባለ መኪና የሚሮጥ አባት ልጆቹን የጠበቀ ቢመስለውም ለአደጋ አጋልጧቸዋል።

ያገለገለ ዕቃ ገበያና የተሸሸገው ነገር

ያገለገለ አውቶሞቢል ታላቅ ገበያ የሆነው በአሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ባወጣ ጊዜ ዋጋው 850 ዶላር ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች የሚሸጥ ዐይነትም ነበረው። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ሰው በዚያ ገንዘብ ከአዲሱ ሞዴል ቲ የተሻለ ምቾት ያለው ያገለገለ መኪና ማግኘት ጀመረ። የጄኔራል ሞተርስ መሪ አልፍሬድ ስሎን ገበያውን የለወጡትን ምክንያቶች ሲዘረዝር፥ በየጊዜው የሚከፈል ብድርን፥ ዝግ አካልንና በየዓመቱ የሚለወጥ ሞዴልን ጠቅሶ፥ አሮጌውን መኪና በአዲሱ ዋጋ ላይ ተቀብሎ የመተካትን ልማድ ከእነርሱ ጋር ቈጥሮታል። ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ሞዴል ቲም በ1927 ሥራው ቆመ። አሮጌው ከአዲሱ ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍበት ጊዜ እንዳለ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ነገር ግን በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ የማይታይ ዕንቅፋት አለ። በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ይህንኑ የሚያስረዳ ጥናት አወጣ። አሜሪካውያን ክፉ ሆኖ የሚገኘውን መኪና በልማድ ሎሚ ስለሚሉት፥ የጥናቱን ርእስ «የሎሚዎች ገበያ» አለው። ሦስት መጽሔቶች አንቀበልም ብለው መልሰውለት ነበር፤ ኋላ ግን በ2001 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት አስገኘለት።

አሳቡን በምሳሌ እንግለጸው። በአንድ ገበያ ጤነኛውና በሽተኛው መኪና እኩል በእኩል ተቀላቅለው ቆመዋል እንበል። የጤነኛው ዋጋ 1,000,000 ብር፥ የበሽተኛው 600,000 ብር ቢሆን፥ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ገዢው መለየት ስላልቻለ መካከለኛውን 800,000 ብር ይሰጣል። በዚህ ጊዜ የጤነኛው ባለቤት «መኪናዬን በዚህ ዋጋ አልሰጥም» ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ የበሽተኛው ባለቤት ደስ ብሎት ይቀራል። ገዢውም ይህን ሲረዳ ዋጋውን እንደ ገና ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ እየሆነ ሲሄድ ደግ መኪና ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ የሚሸሽግ ሻጭ የሚጐዳው ያንን አንድ ገዢ ብቻ አይደለም። እውነተኛውን ሻጭም የዕቃውን ዋጋ ያሳጣዋል፤ መተማመንን ከአገር ያጠፋል።

ሕግ ሰጪዎች ከጥንት ጀምሮ የደከሙት ይህን መሸሸጊያ ለመግለጥ ነው። በጥንታዊት ሮማ ገበያን የሚቈጣጠሩት ሹማምንት ባወጡት ዐዋጅ፥ ባሪያና የጋማ ከብት የሚሸጥ ሰው በሽታውንና ጉድለቱን በግልጽ እንዲናገር ይገደድ ነበር፤ ሳይናገር ቢቀር ገዢው በስድስት ወር ውስጥ መልሶ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችል ነበር። አሜሪካ በ1972 ባወጣችው ሕግ የኪሎ ሜትር ቈጣሪን ወደ ኋላ መመለስን ከለከለች። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ያገለገለ መኪና ነጋዴ ዋስትና መስጠቱን ወይም አለመስጠቱን ጽፎ በመኪናው መስኮት ላይ እንዲለጥፍ ግዴታ ሆነ። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለዕቃው ጉድለት መድን እንዲሆን ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሕጉ ሁለቱንም ወገን ይናገራል፤ ሻጩ እንዳይሸሽግ፥ ገዢውም እንዳይተኛ።

በአገራችን ያለው ነገር

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉንና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲተኳቸው መወሰኑን አስታወቀ። ውሳኔው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስ፥ በአገር ውስጥ የሚመነጨውንም ኤሌክትሪክ ለመጠቀም የታሰበ ነው። አዲስ የሚገባው ሲገታ በአገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አይቀርም፤ ዋጋውም በአሮጌነቱ ልክ ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ገዢው «ባይመቸኝ መልሼ እሸጠዋለሁ» በሚል ተስፋ ዋጋውን ሳያመዛዝን እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት። ዛሬ የከለከለ ወይም የፈቀደ መመሪያ ነገ የዕቃውን ዋጋ ሊለውጠው ይችላልና።

ከዚህ ጋር የዕለት ወጪውን ማስላት ያስፈልጋል። አንዱ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር፥ ሌላው 7 ሊትር ይጠጣል እንበል። ቤተ ሰቡ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ የመጀመሪያው 1,680 ሊትር፥ ሁለተኛው 840 ሊትር ይፈጃል። የ840 ሊትሩ ልዩነት በየዓመቱ የሚከፈል ዕዳ ነው። ጎማው ትልቅ፥ ዘይቱ ብዙ፥ መለዋወጫው ውድ መሆኑ ሲጨመርበት፥ የመግዣው ዋጋ የጠቅላላው ወጪ መጀመሪያ ብቻ መሆኑ ይገለጣል።

እንግዲህ ከላይ የተነሣው ጥያቄ ይመለሳል፤ የእኔ መስክ የት ነው? ክረምት ከበጋ ወደ ገጠር የሚመላለስ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ያለው፥ ዘመዱ ከአስፋልት ርቆ የሚኖር ሰው ጽኑ ሻንሲ ያለው የመስክ መኪና ቢገዛ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ኑሮው በከተማ ሆኖ ለእንቍጣጣሽና ለፋሲካ ብቻ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ግን፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያገኘው ጭቃ ዓመቱን ሙሉ የጭቃ መኪና መቀለብ የለበትም። ለእነዚያ ቀኖች ቢከራይ ይሻለዋል። ጎረቤት ገዛ ተብሎ ተበድሮ መግዛትማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ነው።

ምርመራው

መግዛት የሚያስፈልገው መሆኑን በቅን ልቡና የወሰነ ሰው ደግሞ የአባቶቹን ዘዴ ለመኪና ያውለው። መጀመሪያ ወረቀቱን ይመርምር። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቍጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር መስማማቱን ይይ፤ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረጋግጥ። ስንት ሰው እጅ እንደ ዞረና በምን ሥራ ላይ እንደ ነበረ ይጠይቅ። ለአንድ ቤተ ሰብ ያገለገለና በማዕድን ወይም በመንገድ ሥራ ቦታ የኖረ መኪና ዕድሜያቸው አንድ ቢሆን እንኳ ጤናቸው አንድ አይሆንም።

ቀጥሎ ወደ አካሉ ይሂድ። ሞተሩን በጠዋት ሳይሞቅ ያስነሣው፤ ኮፈኑን ዳስሶ ሞቆ ቢያገኘው፥ ቀድሞ መሞቁ በብርድ ጊዜ የሚታይ ሕመም ለመሸፈን እንዳይሆን ይጠርጥር። ጭሱን ይመልከት፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፥ ሳያቋርጥ የሚወጣ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን፥ ጥቁር ጭስ ነዳጁ በሙሉ አለመቃጠሉን ያመለክታል። ከሥር ገብቶ ሻንሲው የተበየደበትን፥ የዛገበትንና ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ይፈልግ። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ አልቆ እንደ ሆነ የእግሩን መዛነፍ፥ ምናልባትም በግጭት የተጣመመ ሻንሲ መኖሩን ይጠርጥር። በአራቱም ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽ በአፈር መንገድ ላይ አስገብቶ ይሞክር፤ ለዚህ ማርሽ ሲል ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ ማርሹ የማይሠራ ሆኖ ቢያገኘው ከንቱ ድካም ነውና። የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ትንሽ ሲያሳይ የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ተበልቶ፥ መሪው ልሞ፥ የነጂው ወንበር ተቀዶ ቢገኝ፥ ከቈጣሪው ይልቅ እነርሱን ይመን።

በመጨረሻም ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣውን መካኒክ ትቶ ራሱ የሚያምነውን ባለሙያ ከፍሎ ያስመርምር። ሻጩ ይህን ከከለከለ፥ መከልከሉ ራሱ መልስ ነው። ከገንዘቡም ከፊሉን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ያስቀር። ይህን ሁሉ አድርጎ ልቡ ካልረካ «አልገዛም» ብሎ መመለስ ኪሳራ አይደለም፤ ለባለሙያው የከፈለው ጥቂት ገንዘብ ብዙውን ገንዘብ አድኖለታል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አበው ይህንንም ያካትታል።

ስለ ሻጭ ጥቂት ቃል

እስካሁን የተናገርነው ለገዢው ነው። ነገር ግን ዛሬ የሚገዛ ሰው ነገ ሻጭ ይሆናል፤ መሥሪያ ቤቶችም ያረጁ መኪናዎቻቸውን በጨረታ ሲሸጡ ሻጮች ናቸው። አንድ መኪና ዘይቱ የተለወጠበት ቀን፥ የተተካለት ዕቃ፥ የደረሰበት ግጭት በመዝገብ ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ቢተላለፍ፥ አከርሎፍ የተናገረው ጨለማ ከገበያው ላይ በብዙ ይገፈፍ ነበር። ለዚህ አንድ ደብተር፥ አንድ ብዕርና ታማኝ የክፍል ኀላፊ ብቻ ይበቃል። ታሪክ የሚጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ መስሎ ይታየናል። አንድ አባት ልጆቹን የሚያሳፍርበትን መኪና ታሪክ በእውነት ጽፎ ማስረከብም ለሕይወት የሚጠቅም የታሪክ ጸሐፊነት ነው።

በቅሎይቱ «አባትሽ ማን ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ስለ እናቷ ብትመልስ፥ የሚጽፍ እጅና የሚናገር ሕሊና ስለሌላት ነው። እኛ ግን ሁለቱም አሉን። ሻጩ የአባቱን ስም ሳይሸሽግ ይናገር፤ ገዢውም የእናቱን ስም ብቻ ሰምቶ አይክፈል።